የአባባ የኳስ ስንክሳር

የቆዳ ጓንት በዘይት ሲታሽ የሚወጣው ሽታ የአዲስ ጫማና የአሮጌ ኮርቻ ድብልቅ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ዲቤንዶርፍ በሚገኘው ቤታችን ከመኝታ ክፍሌ ስወጣ ይህ ሽታ ተቀበለኝ። ልጄ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፋ፣ ትልቅ ቡናማ ጓንት ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ በአሮጌ ካልሲ ዘይት ትቀባለች። ዘይቱ የኔ ነው። ለሥራ ጫማዬ የማስቀምጠውን ሳታስፈቅድ አንስታዋለች።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኳት።

«ሀንድሹ ነው አባዬ። የቤዝቦል። በኋላ ትሬኒንግ አለኝ፣ ኡስተር። ኤስ-ባኑ እንዳያመልጠኝ።»

የሰው ዕቃ ሳይጠየቅ እንደማይነሳ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። እኔ ልጆቼን በቁጣ ነው ያሳደግኩት፤ ይህን የሚሉኝ ሰዎች አልዋሹም። ነገር ግን ሽታው ቀደመኝና ጎንበስ ብዬ ጓንቱን አሸተትኩ። ልጄ ገርሟት ቀና አለች።

«አባዬ፣ ቤዝቦል ታውቃለህ እንዴ?»

«አውቃለሁ።»

ሳቀችብኝ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሊፍት ሲጠግን የኖረ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሌላ የትም የማይሄድ አባቷ ስለ አሜሪካ ኳስ ምን ያውቃል? ባቡሯ ደርሶ ስለሄደች ለእሷ አልነገርኳትም። ለአንተ ልንገርህ።

ያኔ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነበር። የምኖረው ጄኔቭ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ፔርሚዬ፣ በእጄ ከገባም ብዙ አልቆየም። የእናቴ ታናሽ እህት በአንድ አሜሪካዊ ዲፕሎማት ቤት ምግብ ታበስል ነበር። ዲፕሎማቱና ሚስቱ ደጎች ነበሩ፤ ግን ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ስለሚሮጡ ቤታቸውን የሚያውቁት እንደ እንግዳ ነበር። የዲፕሎማቱ አባት ሚስታቸው ሲሞቱባቸው ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ መጡ። አብሯቸው የሚንሸራሸርና የሚያወራቸው ሰው ሲፈለግ አክስቴ እኔን አቀረበች። ትምህርቴን ከመካከል አቋርጬ ነው ከአገር የወጣሁት። እንግሊዝኛዬን ያገኘሁት ከሬዲዮና ሽፋኑ ከወለቀ መዝገበ ቃላት ነው። ለሽማግሌ ጨዋታ ግን በቂ ነበር።

አክስቴ ሽማግሌውን አባባ ትላቸዋለች። እሳቸውም ስማቸው ያ ይመስል «አቤት» እንደማለት አንገታቸውን ያዞራሉ። እሳቸው ደግሞ እሷን «አለቃ» ይሏታል። ምን ሰዓት እንደሚበላ፣ የትኛው ሹራብ እንደሚለበስ የምትወስነው እሷ ነበረችና አልተሳሳቱም።

ጠዋት ጠዋት አባባ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። ከሐይቁ የሚነሳው ብርሃን ጣሪያው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ቤቱ የተጠበሰ ዳቦና የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። አሮጌ ጓንታቸውን እንደ ድመት ጭናቸው ላይ አድርገው ቆዳውን እያሹ አንድ ጣታቸውን ያነሳሉ። «በዛሬዋ ቀን...» ይላሉ። ከዚያ ያች ዕለት በቤዝቦል ታሪክ ውስጥ የምትታወስበትን ነገር ይተርካሉ። ከወረቀት አያነቡም፤ ሁሉም በጭንቅላታቸው ውስጥ ነበር። በዚህች ቀን የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ከነጮቹ ጋር ሜዳ ገባ። በዚህች ቀን ሕመም ጉልበቱን የቀማው አንድ ታላቅ ተጫዋች በሕዝብ ፊት ቆሞ፣ ሊያለቅስ ሲጠበቅ፣ ስለ ኖረው ሕይወት አመሰገነ። በዚህች ቀን አንዱ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ኳሷን ቀለባት።

የገናን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ዱላና ኳስ አያስደንቀውም። ሕጉ ግን አስቸግሮኝ ነበር። ሰው መትቶ ለምን ይሮጣል? ሮጦስ ለምን ወደ ተነሳበት ይመለሳል? ስጠይቃቸው አባባ «ቤቱ ስለሆነ ነዋ» ብለው ሳቁብኝ።

አክስቴ ዕቃ እያጠበች ታዳምጣለች፤ እኔ እተረጉምላታለሁ። አንድ ቀን እጇን በሽርጧ እየጠረገች ዞር አለች።

«ይኼማ ስንክሳር ነው» አለች። «በየዕለቱ የዕለቱ ይነበባል አይደል? የእነሱ ኳስ መቺዎች ሆኑ እንጂ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የአባባን ታሪኮች በእኛ የወር በዓላት ትይዝ ጀመር። ሥላሴ ስትል ጥቁሩ ተጫዋች ትዝ ይላታል፣ የሰኔ መድኃኔዓለም ስትል ያ ሕመምተኛ፣ ጊዮርጊስ ስትል ባለ አጥሩ። እኔ ከልጅነቴ ቁጥብ ነኝና ነገሩ አላማረኝም።

«ኳስና ቅዱሳን አይቀላቀሉም» አልኳት።

«መች ቀላቀልኩ? መንጠቆ አደረግኳቸው እንጂ። ኮትህን ስትሰቅል መንጠቆው ኮት ይሆናል?»

የታጠቡትን ሳህኖች ማድረቅ ጀመርኩ።

ከቀኖቹ ሁሉ አባባ አብልጠው የሚወዱት ኦክቶበር ስምንትን ነበር። በዚያች ቀን በአገሪቱ ትልቁ ፍልሚያ አንድ ኳስ ወርዋሪ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲወረውር ከተቃራኒው ቡድን አንድም ሰው ሮጦ የሚደርስባትን የመጀመሪያዋን ማረፊያ እንኳ ሳይረግጥ ጨዋታው አልቋል። አባባና ታላቅ ወንድማቸው ጎልማሶች ሳሉ እዚያ ስታዲየም ውስጥ ነበሩ። የሥራ ቀን ስለነበር ሁለቱም አሞኛል ብለው ነው የቀሩት። ውሸት ነው፤ እኔ አላመሰግናቸውም። ነገር ግን ስለዚያ ቀን ሲያወሩ ፊታቸው ላይ የሚወጣውን ብርሃን ስላየሁ መኮነንም አቅቶኛል።

ይህ ቀን ለአባባ ከኳስ በላይ ነበር። እሳቸውም በዘመናቸው እንደ ልጃቸው በባዕድ አገር ይሠሩ ነበርና እናታቸው ሲሞቱ ለቀብር አልደረሱም። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ደረሱ። ታላቅ ወንድማቸው በር ላይ ተቀብለው «አልቋል፣ ተመለስ» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ የሚነጋገሩት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ሆነ፤ በዚያችው በኦክቶበር ስምንት። አንድ ዓመት አንደኛው ይደውላል፣ በሚቀጥለው ሌላኛው። ስለ እናታቸው አያነሱም፤ ስለዚያ ጨዋታ ብቻ ያወራሉ። አባባ ጆሯቸው ስለደከመ ስልኩን በድምፅ ማጉያው ነበር የሚያናግሩት፤ እኔ እዚያ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ታላቅየው ሲደውሉ ሰምቻለሁ።

«የመጨረሻዋን ኳስ አላየህም። ሽንት ቤት ነበርክ» ይላሉ ታላቅየው።

«አጠገብህ ቆሜ ነበር።»

«አጠገቤ የቆመው ጢም ያለው ሰውዬ ነበር። አንተ ጢም የለህም።»

ይህን ተባብለው ይሳሳቁና ስልኩ ይዘጋል። ዓመቱን ሙሉ ዝም።

አክስቴ ይህን ታሪክ ስተረጉምላት ዕቃ ማጠቧን አቆመች። ለእኛ ሰው ቀብር አለመድረስ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። አባባን ከዚያ በኋላ የምታያቸው በሌላ ዓይን ነበር።

በሦስተኛው ዓመት የአባባ ማስታወስ መሸሽ ጀመረ። ጣታቸውን ያነሳሉ፣ «በዛሬዋ ቀን...» ይላሉ፣ ከዚያ መስኮቱን ያያሉ። ይኼኔ አክስቴ ከዕቃ ማጠቢያው ሳትዞር «ጊዮርጊስ ነው ዛሬ፤ ያን አጥር ላይ የወጣውን በላቸው» ትለኛለች። እኔ በእንግሊዝኛ አቀብላቸዋለሁ። እሳቸውም ጫፉን ካገኙ ክሩን እየሳቡ እስከ መጨረሻው ይሄዳሉ። ቀኖቹ ከእሳቸው ወጥተው እሷ ዘንድ እየተጠለሉ ነበር።

አንድ የመስከረም ከሰዓት አባባ ወጥ ቤት ድረስ መጥተው ፊቷ ቆሙ።

«አለቃ፣ ዘንድሮ ተራው የኔ ነው» አሏት። «እኔ እረሳለሁ፤ ይታወቀኛል። ካልደወልኩ ደግሞ እሱ ከእንግዲህ አይደውልም። ወንድሜን አውቀዋለሁ።»

ተረጎምኩላት። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «አማኑኤል ነው ቀኑ። ለአማኑኤል ምን ጊዜም ዝግጁ ነኝ በላቸው።» ባለፉት ሁለት ዓመታት ኦክቶበር ስምንት ከመስከረም ሃያ ስምንት ጋር ገጥሞ ነበርና እውነቷን ነው። አባባም ልባቸው ዐርፎ ተመለሱ።

ዓርብ ጠዋት ጣታቸውን አነሱ፣ ቆዩና አወረዱት። ልጃቸውና ምራታቸው ለስብሰባ ሌላ አገር ሄደዋል፤ ቤት ያለነው ሦስታችን ብቻ። በእሷ ቆጠራ ዕለቱ መድኃኔዓለም ነው፤ በመስከረም መድኃኔዓለም መንጠቆ ላይ ደግሞ የተሰቀለ ነገር አልነበራትም። «ነገ ነው» ብቻ አለችኝ።

ቅዳሜ በማለዳ ሰናፍጭና ቋሊማ እንድገዛ ላከችኝ፤ አባባ ያን ቀን የሚበሉት ስታዲየም ውስጥ የበሉትን ነው። ጭጋጉ ሐይቁ ላይ ተኝቷል። ጥጉ ላይ አንድ ሰው ማሮን የሚሉትን የዛፍ ፍሬ ይቆላል፤ ጢሱ ጣፋጭ ነበር። የአባባን ጋዜጣ ልገዛ ኪዮስኩ ጋ ቆምኩና ሳልፈልግ ዓይኔ ቀኑ ላይ ዐረፈ። ኦክቶበር ዘጠኝ ይላል።

የያዝኩትን ይዤ በሩጫ ተመለስኩ። አክስቴ ነጠላዋን እንዳደረገች ውሃ ጥዳለች።

«ትናንት ነበር» አልኳት።

«ምኑ?»

«ኦክቶበር ስምንት። ትናንት ነበር።»

«አንተ ልጅ፣ አማኑኤል ዛሬ ነው።»

«አማኑኤል ዛሬ ነው። ኦክቶበር ስምንት ግን ትናንት። ዘንድሮ ጳጉሜ ስድስት ነበረች።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጳጉሜ ስድስት በሆነች ዓመት የእኛ መስከረም በፈረንጆቹ ላይ አንድ ቀን ይገፋል፤ ይህን እያንዳንዳችን እናውቃለን። ዘመነ ሉቃስ አልቆ ዘመነ ዮሐንስ መግባቱን፣ እንቁጣጣሽም አንድ ቀን ዘግይታ እንደምትውል ለጄኔቭ ሐበሻ ሁሉ በስልክ ያሳወቀችው ራሷ ነበረች። ለበዓሉ አስታውሳ ለአባባ ረሳች።

ቀስ ብላ «አማኑኤል ነው፣ ቀኑ ዛሬ ነው እንበላቸው» አለች። «ይደውሉ። ምን ይጎድላል?»

«ወንድማቸውስ? አሜሪካ ጳጉሜ የለም እኮ።»

ሳትፈልግ ሳቀች፤ ወዲያው ዓይኗ እንባ ሞላ። ውሃው እስኪፈላ ድረስ ብቻ ነው በዚያ ሐሳብ የቆየችው። ከዚያ ምድጃውን አጥፍታ ተነሳች። «ና፣ ተርጉምልኝ።» ሰው ስሕተቱን ለማመን ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት ስታይ ማንነቱን ታውቃለህ፤ ልጆቼን ይህን ስመክር የማስባት እሷን ነው፤ ስሟን ግን ጠርቼ አላውቅም።

አባባ መስኮቱ ጋ ነበሩ። አክስቴ ፊታቸው ቆማ፣ ምንም ሳትጨምርና ሳትቀንስ፣ ቀኑ ትናንት እንደነበረና ያሳለፈችው እሷ መሆኗን ነገረቻቸው። እኔም እንደነገረችኝ አደረስኩ።

አልተቆጡም። ፊታቸው ግን በአንድ ጊዜ አረጀ።

«ወንድሜ ትናንት ስልኩ አጠገብ ተቀምጦ ውሏል» አሉ። ከዚያ አንገታቸውን ነቀነቁ። «በቃ። ቀኑ አልፏል። በሌላ ቀን አንደዋወልም።»

ለአክስቴ ነገርኳት። እሷ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለች፤ እንዲህ ስትሆን አይቻት አላውቅም።

«እንዲህ በላቸው» አለችኝ። «እኛ አገር ቀብር ያልደረሰ ሰው ቀኑ አለፈ ተብሎ አይቀርም። ዓመት ቆይቶም ቢሆን ይሄዳል። ገብቶ ይቀመጣል፣ ያለቅሳል፣ ባለቤቱም ያስተናግደዋል። ለምን ዘገየህ የሚለው ቢኖር እንኳ ተመለስ አይባልም። ለቅሶ መድረሻ ቀን አያልፍበትም።»

ተረጎምኩት። መዝገበ ቃላቴ ውስጥ ለቅሶ መድረስን የሚያክል ቃል ስላልነበረ ብዙ ዞርኩ። አባባ እኔን ሳይሆን እሷን ነበር የሚያዩት። በመጨረሻ «እንደውል» አሉ።

አሜሪካ እስኪነጋ ጠበቅን። ከሰዓት በኋላ ቁጥሩን እኔ መታሁላቸው። አንዴ እንደጮኸ ተነሳ።

«ማነው?» አለ የታላቅ ወንድማቸው ድምፅ በማጉያው።

«እኔ ነኝ።»

ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ከዚያ «ሞተሃል ብዬ ነበር» አለ ድምፁ። «ሌሊቱን ሙሉ ሞተሃል ብዬ ነበር።»

«ዘገየሁ» አሉ አባባ። አክስቴ ከቋንቋው ጥቂት ቃል ብቻ ብትለይም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። «አንድ ቀን ዘገየሁ። ያን ጊዜም ዘግይቼ ነበር። ለእናታችን። እስካሁን አላልኩህም፤ አሁን እያልኩህ ነው።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ እጄን ወደ ስልኩ ዘርግቼ ነበር።

«ሽንት ቤት ነበርክ?» አለ ድምፁ።

አባባ መጀመሪያ አልሳቁም። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ እኔም አክስቴም አላወቅንም። በማዶም እንደዚያው ነበር። ያን ዕለት እስኪመሽ አወሩ። ስለ ጨዋታው አንድም ቃል አላነሱም፤ ቀኑ የጨዋታው ቀን አልነበረምና የሚደበቁበት አጡ። ስለ እናታቸው ወጥ ቤት፣ ስለ ውሻቸው፣ የመጨረሻዎቹ ቀናት እንዴት እንደነበሩ አወሩ። ስለ ቀብሩ ታላቅየው አንድ በአንድ ነገሯቸው፤ ማን መጣ፣ ማን አለቀሰ፣ ዝናብ ነበር ወይስ ፀሐይ። አክስቴ ቋሊማውን ሁለት ጊዜ አሞቀችው።

ሰሞኑን ይህን ላጣራ ጄኔቭ ደወልኩላት፤ አሁን ጡረታ ወጥታለች። «ሁለት አይደለም፣ ሦስት ጊዜ ነው ያሞቅኩት» አለችኝ። «በመጨረሻ እኔና አንተ በላነው።»

ከዚያ በኋላ ቀን የሚባል ነገር ቀረ። መጀመሪያ በሳምንት አንዴ፣ ብርዱ ሲከብድ ደግሞ በየቀኑ ታላቅየው ይደውሉ ጀመር። አባባ ጣታቸውን ማንሳት ትተው ነበር። ጓንቱም ምን እንደሆነ ጠፍቷቸዋል። አንዳንድ ቀን ልጃቸውን እንደማያውቁት ሰው «ጌታው» ይሉታል፤ እሱም ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ ይቆማል። ስለዚህ የዕለቱን ታሪክ ታላቅየው ከማዶ ይነግሯቸዋል። አክስቴ ስልኩን ትራሳቸው አጠገብ ታስቀምጠዋለች፤ ደህና ነህ፣ እንዴት ዋልክ የለም። ድምፁ ወዲያው «በዛሬዋ ቀን...» ብሎ ይጀምራል። አባባ ቃሉን ይከተሉ እንደሆነ አላውቅም። ድምፁን ግን ያውቁት ነበር፤ ሲሰሙት የጨበጡት እጃቸው ይፈታል። ሲያበቃ ታላቅየው «እስከ ነገ» ይሉና ይዘጋሉ።

እኔ ለልጆቼ ሁልጊዜ የምለው አለ፤ እውነት ከተገኘ ሳይውል ሳያድር ይነገራል። ዛሬም የምለው ነው። አንድ ነገር ብቻ ይህን አባባል ጥግ ያስይዝብኛል።

በሚያዝያ አጋማሽ አንድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ አባባ በተኙበት ዐረፉ። ጭንቅ አልነበረባቸውም። አክስቴ ዓይናቸውን ከደነችላቸው፣ አገጫቸውን በንጹሕ ሻሽ አሰረችላቸው። መስኮቱን ስከፍት የታጨደ ሣር ሽታ ገባ። ለልጃቸው ደውዬ ነገርኩት፤ በመንገድ ላይ ነበር። ክፍሉ ውስጥ እኔና እሷ ቆመን ሳለ ስልኩ በሰዓቱ ጮኸ።

ላነሳው ስንቀሳቀስ ቀደመችኝ። ቁልፉን ተጭና እንደ ወትሮው ትራሳቸው አጠገብ አስቀመጠችው።

«በዛሬዋ ቀን...» አለ ድምፁ።

ልናገር አፌን ስከፍት እጇን አነሳችብኝ። «ይጨርሱ» አለች በሹክሹክታ።

የዕለቱ ታሪክ ትንሽ ነገር ነበር። ያሸነፈም የተሸነፈም የለበትም፤ በዝናብ የተቋረጠ አንድ ጨዋታ ነው። ሽማግሌው ግን ቀስ ብለው ተረኩት፤ ደመናው ከየት በኩል እንደመጣ፣ ሰዉ ጋዜጣ ራሱ ላይ አድርጎ መቀመጫውን ሳይለቅ እንዴት እንደጠበቀ፣ ሠራተኞቹ ሜዳውን በትልቅ ሸራ ሲሸፍኑ ተጫዋቾቹ ከጥላው ሥር ቆመው እንዴት ዝናቡን እንዳዩ። እኔ በሹክሹክታ ለአክስቴ እየተረጎምኩ ነበር፤ ሌላ የማደርገውን አላወቅኩም። እሷ ዓይኗን ከአባባ ፊት ሳትነቅል እያንዳንዱን ቃል ሰማች።

«እስከ ነገ» አሉ ታላቅየው።

ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት አክስቴ ጎንበስ ብላ በእጆቿ ያዘችው። በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዋም ከመርዶው በፊት ስለ ታሪኩ አመሰገነቻቸው።